የገጠር መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን እንዴት ማወዳደር ይቻላል?

በትንሽ የገጠር አካባቢ ምርጫው ጠባብ ነው። ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት የመንግሥት ትምህርት ቤት ቢኖር ነው። ወላጆች ሲያወዳድሩ ቶሎ የሚያነሱት የአምናውን የፈተና ውጤት ነው። እኔ ግን ከሱ አትጀምሩ እላለሁ።

መጀመሪያ መንገዱን ሂዱበት። ልጁ በሚወጣበት ሰዓት፣ በሚሄድበት በኩል። በበጋ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ዝናብ ሲመጣ ጭራሽ ሊዘጋ ይችላል። ትምህርት ቤቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ልጁ በየሳምንቱ የሚቀርበት ከሆነ ምን ዋጋ አለው? የምትማረው ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ የሚያስፈራት ቦታ ካለ እሷኑ ጠይቋት።

ከዚያ ወደ ውጤቱ ኑ። እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። 20 ተማሪ ብቻ ባለበት ክፍል አንድ ልጅ ማለት 5 በመቶ ነው። አራት ጎበዞች የገቡበት ዓመት ትምህርት ቤቱን ሰማይ ያደርሰዋል፤ በቀጣዩ ዓመት ያው ትምህርት ቤት ወድቆ ይገኛል። መምህራኑ ግን አልተለወጡም። ስለዚህ ቢያንስ የሦስት ዓመት ውጤት ጠይቁ። የሦስቱን ዓመት ተፈታኞች ደምሩ፣ ያለፉትንም ደምሩ፣ ከዚያ አካፍሉ።

ስንቶቹ ተመዝግበው ስንቶቹ ለፈተና እንደደረሱም ጠይቁ። አንዱ ትምህርት ቤት 40 መዝግቦ 25 አስፈተነ፣ 20 አለፉ እንበል። ወረቀቱ ላይ 80 በመቶ ይላል። ሌላው 40 መዝግቦ 38 አስፈተነ፣ 28 አለፉ፤ ወደ 74 በመቶ ገደማ ነው። የመጀመሪያው የበለጠ ይመስላል። ከተመዘገቡት ግን ያሳለፈው ግማሹን ነው፤ ሁለተኛው 70 በመቶ አሳልፏል። የቀሩት 15 ልጆች የት ገቡ? አቋርጠው ነው ወይስ ቤተሰብ ቀይሮ ሄዶ? ይህን ርዕሰ መምህሩን ደፍራችሁ ጠይቁ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይሄ ነው።

ቀጥሎ መምህራን። በዚህ ደረጃ እያንዳንዱ ትምህርት የራሱን መምህር ይፈልጋል። ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምረው ማነው? የተማረው ያንኑ ነው ወይስ ሰው ጠፍቶ ክፍተት ለመሙላት ነው? ስንት ዓመት ቆየ? ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ የሒሳብ መምህር ሲለቅ የሚተካው ላይኖር ይችላል። ባለፈው ዓመት ያለ መምህር ያለፈ የትምህርት ዓይነት ካለ ሳታነሱት አትለፉ።

ትምህርት ቤቱን የምታዩት በበዓል ወይም በወላጆች ቀን ሳይሆን በተራ ቀን ይሁን፤ ከተቻለ ከሰዓት በኋላ። እዚያ የሚማር የጎረቤት ልጅ ካለ ደብተሩን ተዋሱት። ቀኖቹን ተመልከቱ። ከአንዱ ትምህርት እስከ ሌላው ሁለት ሳምንት ክፍት ሆኖ ካገኛችሁት ለምን እንደሆነ ጠይቁ። የቀይ እስክሪብቶ ምልክትም ፈልጉ። "ጎበዝ" ብቻ ተጽፎ ነው ወይስ ልጁ የት እንደተሳሳተ ተነግሮታል?

ውኃና መጸዳጃ ቤትም እዩ። የሴቶቹ ለብቻ መሆኑን፣ በሩም ከውስጥ መቆለፉን አረጋግጡ። ብዙ ልጃገረዶች ከትምህርት የሚቀሩት በዚህ ነው።

ይህን ሁሉ አይታችሁ ትምህርት ቤቶቹ እኩል ከሆኑባችሁ ቅርቡን ምረጡ። የተረፈው ሰዓት ለጥናትና ለእንቅልፍ ይሆናል።