«እኔ ምን ታሪክ አለኝ?»፦ የሴቶችን ታሪክ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የካቲት ሲገባ ስልኬ ዕረፍት የለውም። የካቲት 12 አለ። የካቲት 23 አለ። የካቲት 29 ደግሞ የሴቶች ቀን ነው። በዚህ ሰሞን ብዕር የጨበጠ ሁሉ ስለ ሴቶች ታሪክ መጻፍ ያምረዋል። «እስቲ አንዴ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት» ይሉኛል። አራት ኪሎ ተገናኝተን ማኪያቶ እናዛለን፣ ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ እንዘረጋለን፣ እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣለሁ።

ከዓመት ዓመት የማከብባቸው ነገሮች ያው ናቸው። ሰነፎች ብቻ አይደሉም የሚሠሯቸው። እኔም ብዙዎቹን ሠርቻለሁ፤ አንዱን እንዲያውም አምና።

ስም ጠርቶ መገላገል

«እሌኒ፣ ምንትዋብ፣ ጣይቱ፣ ዘውዲቱ።» አራት ስም፣ አራት አንቀጽ፣ አለቀ። ሴቶች ታሪክ ውስጥ ገቡ ተባለ። ወጡ ከወጣ በኋላ ቅመም ጣል እንደማድረግ ነው።

ስሞቹ ጥፋት የለባቸውም። ጥያቄው ግን ያው የድሮው ነው። ማን ነገሠ? ማን አዘመተ? ማን ውል ፈረመ? እንዲህ ከጠየቅን ከስንት ወንድ መሐል አራት ሴት ማግኘታችን አይገርምም። አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ጌርዳ ለርነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን አጻጻፍ የማካካሻ ታሪክ ብላዋለች። ለመነሻ ጥሩ ነው፣ እዚያው መቅረት ግን አያዋጣም ባይ ናት። ፌሚኒስቶች በታሪክ አጻጻፍ ላይ ያመጡት ትልቁ ለውጥ እኔ እንደሚገባኝ ይኸው ነው፤ የምንጠይቀውን ነገር ቀየሩት።

ዓድዋን እንውሰድ። ሴቶች ወደ ዓድዋ ታሪክ የሚገቡት ብዙ ጊዜ በእቴጌ ጣይቱ በኩል ነው። በመቀሌው ምሽግ የጣሊያኖች ውሃ እንዲያዝ መምከራቸው ይጻፋል፤ ይገባቸዋል። እስቲ አሁን ሌላ ጥያቄ እንጠይቅ። መቶ ሺህ ገደማ የሚገመት ሠራዊት ከሸዋ ተነሥቶ ትግራይ ድረስ ሲሄድ ምን በላ? እህሉን ማን ፈጨ? ቂጣውን ማን ጋገረ? ውሃውን ማን ቀዳ? በብዛት ከጦሩ ጋር የዘመቱ ሴቶች ናቸው፤ ሚስቶች፣ ገረዶች፣ በባርነት የተያዙ ሴቶች። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ደግሞ የምኒልክ ሠራዊት ስንቅ እያለቀበት ነበር። ብዙ መቆየት አይችልም ነበር። እንግዲህ ወፍጮና ምጣድ የጦርነቱ ታሪክ ዳር ላይ የሚቀመጡ ነገሮች ናቸው? ሠራዊቱ ስንት ቀን መቆም እንደሚችል የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ይህን የጠየቀ ጸሐፊ በአንዲት ሴት ፋንታ ሺዎችን ያገኛል። ስማቸው ግን አይገኝም። ስም ሳይኖር ታሪክ መጻፍን ደግሞ መልመድ ነው።

«ሴት ሆና ሳለ»

ይህን ሳይ ቀዩ እስክሪብቶ ራሱ ይሮጣል። «ሴት ብትሆንም ቆራጥ ነበረች።» «ከወንድ የማታንስ ጀግና።» ጸሐፊው ማመስገኑ ነው። ነገር ግን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ነው በጓሮ በር ያስገባው። ሸዋረገድ ገድሌ በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኛ ነበሩ። ተያዙ፣ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ተወስደው ታሰሩ። ይኸው በቃ። «ሴት ብትሆኑም» የሚል መግቢያ አያስፈልጋቸውም።

ማዕረግ ማደባለቅ

ስለ ዘውዲቱ የሚጽፍ ሰው ገና ከርዕሱ «እቴጌ ዘውዲቱ» ይላል። ልማድ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ግን እቴጌ የንጉሥ ሚስት ናት። ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ራሳቸው ገዢ ሆነው ነው። ማዕረጋቸውም ንግሥተ ነገሥታት ነበር። «እቴጌ» ስንል ሳናውቅ የሌለ ንጉሥ ባል ፈጠርንላቸው ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ባል ነበራቸው። ራስ ጉግሣ ወሌ። ዘውዱ ሲመጣ መሳፍንቱ አለያዩአቸውና ጉግሣ ወደ በጌምድር ተላኩ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ንጉሥ ሲነግሥ ሚስቱ እቴጌ ትባላለች፤ ንግሥት ስትነግሥ ባልዋ አደጋ ይሆናል። የሴት ንግሥና ምን ያህል አስቸጋሪ ነገር ሆኖ እንደታያቸው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም። ጆን ስኮት የተባለች ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው ጽሑፍ ፆታ ሥልጣን የሚገለጽበት ዋና መንገድ ነው ያለችው እንዲህ ላለው ነገር ነው። የዘውዲቱ ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ቃል ይዘጋል፦ «ጸሎተኛና ደካማ።» ወንድ ንጉሥ ሲጾምና ቤተ ክርስቲያን ሲያሠራ «መንፈሳዊ» ይባላል። እሳቸው ሲጾሙ ድካም ሆነ። ደካማ ነበሩ አልነበሩም ብሎ መከራከር ይቻላል። ሚዛኑ ግን አንድ ይሁን።

«የመጀመሪያዋ» ሱስ

የመጀመሪያዋ ሴት አብራሪ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ፣ የመጀመሪያዋ ሴት እንትን። ስንዱ ገብሩን ውሰዱ። «የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል» ተብሎ ይጻፋል፤ እውነት ነው፣ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ግን ጽሑፉ ይቆማል። በወረራው ጊዜ ታግዘው ጣሊያን መታሰራቸው፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት መሆናቸው፣ ደራሲ መሆናቸው ወዴት ሄደ? እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ምን ተናገሩ? ማን መረጣቸው? ከሳቸው ቀጥሎስ ማን መጣ? «የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል ጥያቄውን ሁሉ ዘጋው።

«ምንጭ የለም»

ይህን የሚለኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ገብቶ «ሴት» የሚል ርዕስ ፈልጎ ያጣ ነው። ሴቶች ግን በራሳቸው ርዕስ ሥር አይቀመጡም። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጽና ጠርዝ ላይ ይጻፍ ነበር። እዚያ ውስጥ ሴቶች ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ፣ ይወርሳሉ፣ ይካሰሳሉ። መጻሕፍቱ እኮ ሁሌም ነበሩ። ለረጅም ጊዜ የተነበበው መሐሉ ነው፣ ጠርዙ አይደለም።

ገድልም ምንጭ ነው። ገድለ ወለተ ጴጥሮስ የተጻፈው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲያስገቡ ባልዋን ትታ መንና ስለተቃወመች ሴት ነው የሚያወራው። ቅድስናዋን ለመመስከር ነው የተጻፈው፤ ነገር ግን ሴቶች አንድ ላይ ሲኖሩ፣ ሲጣሉ፣ ሲታመሙ፣ ምግብ ሲያበስሉም ያሳያል። የክስ መዝገብ አለ። የዕድር ደብተር አለ። ሙሾ አለ፤ አልቃሽ ስለ ሟች የምታወጣው ግጥም ሌላ ቦታ የማይጻፍ ነገር ይናገራል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ማርታ ባላርድ የምትባል አዋላጅ ከ1785 እስከ 1812 እ.ኤ.አ. የዕለት ማስታወሻ ይዛለች። ያዩት ሰዎች «ተራ የቤት ወሬ» ብለው ያልፉት ነበር። ሎረል ኡልሪክ የተባለች የታሪክ ምሁር ያንኑ «ወሬ» ቀን በቀን ቆጥራ የአንድን ከተማ ኢኮኖሚና ሕክምና አወጣችበት። በ1991 እ.ኤ.አ. የፑሊትዘር ሽልማት አገኘችበት።

ሴትን ሁሉ አንድ ማድረግ

«የኢትዮጵያ ሴት በዚያ ዘመን…» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር አላምንም። የትኛዋ? ቤተ መንግሥት ግብር ሲገባ ግብዣውን የምታዘው ወይዘሮ አለች፤ ሌሊቱን ሙሉ የፈጨችው ደግሞ አለች። ባርነትን ያስቀረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረ «የሴቶች ታሪክ» ይህን ካላነሣ የእመቤቶች ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

ቃሉም ያሳስታል። ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ ወይዘሮ ናት። ድሮ የትልቅ ሰው ልጅ መጠሪያ ነበር። የድሮ ሰነድ ላይ «ወይዘሮ» ሲያጋጥማችሁ ጎረቤታችሁን አታስቡ።

የወንዶችን ዘመን መዋስ

ከማይጨው በፊት፣ ከማይጨው በኋላ። ከ66 በፊት፣ ከ66 በኋላ። ዘመን የምንከፍለው እንዲህ ነው። ጆን ኬሊ የተባለች ምሁር ስለ አውሮፓ ተመሳሳይ ጥያቄ አንሥታ ነበር፤ ያ ለወንዶች የትንሣኤ ዘመን (ሬኔሳንስ) የተባለው ጊዜ ለሴቶችም ነበር ወይ ብላ። መልስዋ «አልነበረም» ነው።

እዚህ አዲስ አበባስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይል ነበር። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ። ይህን የተካው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። ለአንዲት ያገባች የአራዳ ሴት ትልቁ የዘመን ድንበር የትኛው ነው? መልሱ አንድ ይሁን አልልም። የእህል ወፍጮ ሰፈር የገባበት ዓመት፣ የቦኖ ውሃ የመጣበት ዓመትም ለዚህ ይወዳደራሉ። ብቻ 66ን ከመማሪያ መጽሐፍ ገልብጣችሁ አታምጡ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች

አንዱ፣ «ሸማኔ» ብሎ ጽፎ መሄድ። ስለ ሽሮ ሜዳ ሽመና የተጻፈ ረቂቅ አንብቤ ፈታይዋን አጣኋት። ጥጡን ማን ፈተለው? ፈትል ሥራ አይደለም እንዴ? ሌላው፣ ወንዶችን መርሳት። ፆታ የሴት ሌላ ስም አይደለም። ቀረርቶውና ፉከራው ወንድን ወንድ የሚያደርግበት መንገድ ነው፤ ይህም ታሪክ አለው።

አጠያየቅ

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ እናት ዘንድ ሄድኩ። ግቢው ዛሬ የለም፤ ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ሄዷል። መቅጃ ስልኬን ደቀንኩና በተማርኩት ቋንቋ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ በአብዮቱ ጊዜ የእርስዎ ሚና ምን ነበር?»

«ሚና? እኔ ምን ታሪክ አለኝ ልጄ። ባለቤቴ ቢኖር ኖሮ ይነግርሽ ነበር።»

ዝም ተባባልን። ቡናው ሲፈላ ጥግ ላይ የቆመውን እንስራ አየሁ። «ጠላ ይጠምቁ ነበር?» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል አላቆሙም። ጌሾው ከየት እንደሚመጣ፣ ብቅሉ እንዴት እንደተወደደ፣ አሻሮውን ሌሊት የሚቆሉት ለምን እንደሆነ ነገሩኝ። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ደንበኛው በጊዜ ስለሚበተን ግማሽ እንስራ እንደሚከስርባቸው፣ ማን ሳይከፍል እንደጠፋና ለምን ዳግመኛ እንዳልመጣም ጭምር። «አብዮት» የሚለውን ቃል አንዴም አልተናገሩም። ያወሩት ግን ሌላ ነገር አልነበረም።

ጠላውን የጀመሩበት ምክንያትም መጣ። ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ያከራዩ ነበር። በ67 ሐምሌ ትርፍ ቤት ሲወረስ ሁለቱም ሄዱ። የኪራዩ ገንዘብ ቀረ፣ እንስራው ተገዛ።

ስለዚህ «ሚናዎ ምንድን ነው» ብላችሁ አትጠይቁ። ዋጋ ጠይቁ። ማን ቀድሞ ይነሣ እንደነበር ጠይቁ። ልጅ ማን ይይዝ እንደነበር ጠይቁ። ባል ወይም ወንድ ልጅ አጠገብ ከተቀመጠ ደግሞ በትሕትና ሌላ ቀን ቅጠሩ፤ አለዚያ መልሱን የሚመልሰው እሱ ነው።

አምና ጽሑፉን ጨረስኩና ደወልኩላቸው። አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናቸው። በስልክ ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው። «እህ… እህ…» እያሉ ሰሙኝ። የተወረሱት ክፍሎች ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ምን አልሽ? ድገሚው።»

«የባለቤታቸው ሁለት ክፍል ቤት…»

«የማን?»

ዝም አልኩ።

«በስሜ ነው የተገዛው። እናቴ የተወችልኝን ወርቅ ሸጬ ነው። እሱ ያኔ ገና አላገባኝም። ማን ነገረሽ የሱ ነው ብሎ?»

ማንም አልነገረኝም። መቅጃውን ደግሜ ሰማሁት። «ሁለት ክፍል ነበረን» ነው ያሉት። ቀሪውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ቀዩን እስክሪብቶ ከቦርሳዬ አወጣሁ።