የብስክሌት ጉዞ የሚመዘግብ ስልክ፦ ችግርና መፍትሄ

ከኮምቦልቻ ተነስቶ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባ ብስክሌተኛ ስልኩን ሲከፍት ያ ሁሉ ጠመዝማዛ የለም። ካርታው ላይ ያለው ገደሉን አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድም ከ20 በታች ሆኖ ተመዝግቧል። ብዙው ሰው እዚህ ላይ ጂፒኤሱን ይረግምና ሌላ ስልክ ሊገዛ ይነሳል። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት መስመሩን በደንብ ይየው፤ የችግሩ ምንጭ እዚያው ተጽፏል።

መስመሩ በሁለት ነጥቦች መካከል በማስመሪያ የተሰመረ ከመሰለ፣ ስልኩ መመዝገቢያውን አፕ ገድሎታል። ሳይቆረጥ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከዋለለ ሳተላይቶቹ በደንብ አልታዩትም። ድንገት በጣም ርቆ ዘሎ ከተመለሰ ደግሞ ቦታውን ከኔትወርክ ማማ እየገመተ ነው። ለዚህ ለመጨረሻው መፍትሄው አጭር ነው፦ በአፑ የሎኬሽን ፈቃድ ውስጥ «ዩዝ ፕሪሳይስ ሎኬሽን» የሚለውን ማብራት።

መስመሩ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል

አብዛኛው አቤቱታ ይሄው ነው ቢባል አይጋነንም። ከአንድሮይድ 8 (2017) ጀምሮ ከጀርባ የሚሠራ አፕ ቦታውን በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲያገኝ ተገድቧል። መመዝገቢያ አፖች ከዚህ ገደብ የሚያመልጡት ከላይ የማይጠፋ ማሳወቂያ በማስቀመጥ ነው። ይህ በቂ በሆነ ነበር። ግን ብዙ አምራቾች «ባትሪው ሁለት ቀን ይቆያል» ለማለት ሲሉ ከጎግል ሕግ በላይ የራሳቸውን ገዳይ ይጨምራሉ። ስክሪኑ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ሲያልፍ አፑን ያጠፉታል፤ ለጋላቢው ምንም አይነግሩትም። ሃምሳ ኪሎ ሜትር የለፋ ሰው ይህን ቤቱ ገብቶ ሲያውቅ ያናድዳል፤ መናደዱም ትክክል ነው።

ማስተካከያው ብዙ ቦታ የተበተነ ነው፤ አንዱ ከቀረ ሌላው ዋጋ የለውም። ሴቲንግ፣ ከዚያ አፕስ፣ ከዚያ መመዝገቢያውን አፕ ክፈቱ። ባትሪ በሚለው ውስጥ «አንሪስትሪክትድ» የሚለውን ምረጡ፤ በአንዳንድ ስልክ «ዶንት ኦፕቲማይዝ» ይለዋል። ሎኬሽን በሚለው «አሎው ኦል ዘ ታይም» ይሁን። «ኦቶስታርት» የሚባል ካለ አብሩት። ቀጥሎ አፑን ክፈቱና የቅርብ አፖች የሚደረደሩበትን ገጽ አምጥታችሁ በቁልፍ ምልክቱ ቆልፉት። የአፑን ማሳወቂያ በፍጹም አትዝጉ፤ በየመንገዱ ቆም ስትሉ ማሳወቂያው ከላይ ካለ አፑ በሕይወት አለ፣ ከሌለ ሞቷል።

ይህን ሁሉ አድርጎም መስመሩ የሚቆረጥበት ሰው አለ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስልኩ ላይ የተጫነ «ክሊነር» ወይም «ቡስተር» ነው። ስክሪኑ በተቆለፈ ቁጥር ሚሞሪ አጸዳለሁ እያለ አፖችን ይጠርጋል። ስልኩን አያፈጥንም፤ አውጥታችሁ ጣሉት። ከስልኩ ጋር የመጣና የማይወጣ ከሆነ፣ ውስጡ ገብታችሁ ራሱ የሚያጸዳበትን አጥፉ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የባትሪ ቆጣቢው ነው። ባትሪው 20 ወይም 15 በመቶ ሲደርስ ራሱ ይበራና ስክሪኑ ሲጠፋ ሎኬሽንን ያቋርጣል። ከወልድያ ተነስቶ በድልብ በኩል ወደ ጋሸና ሲወጣ የዋለ ስልክ ቀኑን ሙሉ ጥርት አድርጎ መዝግቦ የመጨረሻዋን ሰዓት የሚያጣው በዚህ ነው። በራሱ እንዳይበራ አድርጉት።

ሦስተኛው ምልክት ከሌሎቹ ይለያል፦ መስመሩ ሁልጊዜ የሚቆረጠው ሐይቅ ዳር ላይ፣ ፎቶ በተነሳበት ቦታ ነው። ይህ የራም (የተከፈቱ አፖች የሚያዙበት ሚሞሪ) ማነስ ነው። 2 ወይም 3 ጊጋባይት ራም ያለው ስልክ ካሜራ ሲከፈት ቦታ ለማግኘት ሌላውን ያባርራል። ሴቲንግ አያድነውም። ከ4 ጊጋባይት በታች ለዚህ ሥራ አትግዙ፤ 6 ከተገኘ ይሻላል።

ስልኩ ሲስተም አፕዴት ካደረገ በኋላ ሁሉንም እንደገና ፈትሹ፤ አፕዴት ፈቃዶቹን ወደ ነበሩበት ሲመልስ ይታያል። ፍተሻው ደግሞ ብስክሌት አይፈልግም፦ መመዝገብ አስጀምሩ፣ ስክሪኑን አጥፉ፣ ስልኩን ኪስ ክተቱና ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ 20 ደቂቃ በእግር ሂዱ። እዚህ የቆረጠ ስልክ ሐረጎ ላይም ይቆርጣል።

ሳተላይት ለማግኘት ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ካርታም አያወርድም

ብዙ ጊዜ ይህን የሚያመጣው የእኛው ሰዓት አቆጣጠር ነው። ስልኩ 9:00 ሲል «ለእኔ ሦስት ሰዓት ነው» ብሎ ሰዓቱን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልስ ብዙ ነው። ከዚያ ብሶ ዓመተ ምሕረቱንም ወደ እኛ የሚቀይር አለ። ዓመቱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲሄድ ስልኩ የድረ ገጾችን የደኅንነት ማረጋገጫ አይቀበልም፤ ካርታ ማውረድ፣ ጉዞ መጫን ሁሉ ይቆማል። ስልኩ ሳተላይቶቹ በዚህ ሰዓት የት እንዳሉ ቀድሞ የሚያሰላው በዚሁ ሰዓት ስለሆነ ፍለጋውም ይጓተታል። ሰዓቱን ወደ ኦቶማቲክ መልሱት፤ ዞኑ ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ይሁን። የኢትዮጵያን ሰዓትና ቀን ለማየት ለዚያ የተሠራ አፕ ስክሪኑ ላይ አስቀምጡ። የስልኩን ሰዓት አትንኩ።

ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ከዘገየ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ዳታ አብርታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ገላጣ ቦታ ቁሙ። ያለ ዳታ ስልኩ የሳተላይቶቹን መረጃ ከሰማይ ማንበብ አለበት፤ ይህ በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ስለሚመጣ ቀርፋፋ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሆኖ መጠበቅ ከንቱ ነው።

መስመሩ ይዋልላል

ስልኩ ተከፍቶ የተጠገነ፣ በተለይ የጀርባ ክዳኑ የተቀየረ ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። በብዙ ስልኮች የጂፒኤስ አንቴናው ክፈፉ ላይ ሆኖ ከቦርዱ ጋር በትናንሽ ሞላዎች ይነካካል። ኮፒ ክዳን ሲገጠም ወይም ሞላው ሲጣመም ግንኙነቱ ይላላል። የሳተላይት ጥንካሬ የሚያሳይ አፕ ክፈቱ፦ ገላጣ ቦታ ላይ ጠንካራዎቹ 40 አካባቢ ካሳዩ ደህና ነው፤ ሁሉም ከ25 በታች ከሆኑ አንቴናው አልነካም። ጥገና ቤት ሞላዎቹን በአልኮል ያጽዱ፣ ትንሽ ቀና ያድርጓቸው፣ ብሎኖቹን ሁሉ ይመልሱ። ብሎን «ተረፈ» ብሎ ስልክ የሚመልስ ጠጋኝ ዘንድ ዳግም አትሂዱ። የብረት ካቨርም ያው ችግር ያመጣል።

የከፍታው ድምር የማይታመን ነው

ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናቸው፤ ልዩነቱ 650 ገደማ ነው። ስልኩ ከ1,000 በላይ ወጣችሁ ካለ ምናልባት ባሮሜትር (ከፍታን በአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር) የለውም፤ የጂፒኤስ ከፍታ ስለሚዘልል እያንዳንዱን ዝላይ እንደ ዳገት ይደምራል። አፑ ከፍታውን ከካርታ እንዲያርም አዝዙት። ባሮሜትር ያለው ስልክ ግን አየር በማያስገባ ካቨር ከታሸገ እሱም ይሳሳታል።

መንገድ መሪው ያሳስታል

የጎግል ካርታ ያለ ኢንተርኔት የብስክሌት መንገድ አይመራም፤ የመኪና ብቻ ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚመሩትን ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስማንድ የሚባሉ የካርታ አፖች ከነካርታቸው ከቤት አውርዱ። የቦታ ስም ስትፈልጉ በ«ሐ»ም በ«ሀ»ም ጽፋችሁ ሞክሩ። ርቀቱንም እዩ፦ ሐረርጌም ኮምቦልቻ አለ። ብስክሌቱ ሲቆም ካርታው በራሱ የሚሽከረከር ከሆነ ስልኩ ኮምፓስ የለውም፣ ወይም ማግኔት ያለው ሆልደር ላይ ነው የተቀመጠው።

መሪው ላይ ስለማሰር

ርካሽ የፕላስቲክ ሆልደር የደሴን ኮብልስቶን አይችልም፤ አራቱንም ማዕዘን የሚይዝ ጎማ ጨምሩበት። ገመድ ሰክታችሁ አትንዱ፦ ንዝረቱ የቻርጀር መግቢያውን ያላላዋል። በክረምት እርጥብ ስክሪን ጣት አይሰማም። ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ፀሐይ የሚመታው ስልክ ሞቆ ራሱን ያደበዝዛል። መመዝገብ ብቻ ከሆነ የሚፈለገው ኪስ ይሻላል፤ ባትሪ የሚበላው ከጂፒኤሱ ይልቅ ስክሪኑ ነው።

ስትገዙ

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የካሜራ ቁጥር እርሱት። 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪና ከላይ ያልነው ራም ይኑረው። ሴንሰር በሚያሳይ አፕ ኮምፓስና ባሮሜትር ፈልጉ። «ኤል 5» የሚባለውን ሁለተኛ ሞገድ የሚቀበል ከሆነ ገደል ሥር ያለ መንገድ ላይ ብዙ ይረዳል። ከዚያ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከሱቁ ቆርቆሮ ውጡና የባትሪ ፈቃዱን አስተካክሉ። ስክሪኑን አጥፍታችሁ ሩብ ሰዓት መዝግቡ። «አንሪስትሪክትድ» የሚል ምርጫ ጭራሽ ከሌለው ወይም መስመሩ እዚያው ከተቆረጠ፣ ዋጋው ምንም ቢቀንስ መልሱለት።