ነጥቦቹ የት ወደቁ? መረጃ ወደ ኪውጂአይኤስ ስናስገባ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ጂፒኤስ ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ የዞረ ሰው የመዘገበው የውኃ ጉድጓድ ዝርዝር ኮምፒውተር ላይ፣ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ሲከፈት ከአገር ወጥቶ ይገኛል። ያን ጊዜ ነጥቦቹን በእጅ እየጎተቱ «ቦታቸው» ላይ ማስቀመጥ የሰውየውን ልፋት ማጥፋት ነው። ነጥቡ የወደቀበት ቦታ ራሱ ምክንያቱን ስለሚናገር መጀመሪያ እሱን ተመልከቱ።

ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ከሆነ ኬክሮስና ኬንትሮስ ተቀያይረዋል። አዲስ አበባ 9.03 ሰሜን፣ 38.74 ምሥራቅ ላይ ናት፤ ቁጥሮቹን ብትገለብጧቸው የምታገኙት ያንን ባሕር ነው። የሲኤስቪ ፋይሉን (ሠንጠረዡ በተራ ጽሑፍ የተቀመጠበትን) እንደገና አስገቡና ለኤክስ ኬንትሮሱን፣ ለዋይ ኬክሮሱን ምረጡ። ስንናገር ኬክሮሱን ስለምናስቀድም ስሕተቱ ማንንም ያጋጥማል።

ሁሉም ኬንያ ውስጥ፣ ከኪሱሙ ከተማ ብዙ ሳይርቅ አንድ ነጥብ ላይ ከተከመረ በዲግሪ የተጻፈው ቁጥር እንደ ዩቲኤም (ምድርን በዞኖች ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚለካ ሥርዓት) ሜትር ተነብቧል። የኢፒኤስጂ ኮዱን፣ ማለትም ቁጥሮቹ በየትኛው የልኬት ሥርዓት እንደተጻፉ የሚናገረውን ቁጥር፣ ከ32637 (ዩቲኤም ዞን 37) ወደ 4326 (ዲግሪ) ለውጡት። ቁጥሮቹ 471,000 እና 998,000 የሚመስሉ ሆነው ካርታው ባዶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ 32637 ስጡት።

የጋምቤላው ነጥብ ባሌና ሐረርጌ አካባቢ ከታየ ዞኑ ተሳስቷል። አገራችን በሦስት የዩቲኤም ዞኖች ላይ ተዘርግታለች። ጋምቤላ 36፣ አዲስ አበባ 37፣ ጅግጅጋ 38 ውስጥ ናቸው። ሁሉን በ37 የማስገባት ልማድ ጠረፍ ላይ ያሉትን ይጎዳል።

ከሁሉ የምፈራው ግን ዓይን የማይሞላውን ስሕተት ነው። ነጥቦቹ ወረዳው ውስጥ አሉ፣ መንገዱም አጠገባቸው ያልፋል፤ የሳተላይት ምስሉን አቅርባችሁ ስታዩ ግን የትምህርት ቤቱ ነጥብ ከጣሪያው ወደ ደቡብ ምዕራብ 200 ሜትር ያህል ርቆ እርሻ ላይ ተቀምጧል። ሁሉም ነጥብ በአንድ አቅጣጫ፣ በእኩል ርቀት ከሸሸ ቁጥሮቹ የተወሰዱት አዲንዳን በሚባለው በቀድሞው የልኬት መነሻ (ቁጥሮቹ ከምድር ጋር የሚያያዙበት መሠረት) ነው፤ የቆዩት የአገራችን የመሬት አቀማመጥ ካርታዎች የተሠሩት በእሱ ነው። መፍትሔው ሁለት እርምጃ አለው። መጀመሪያ ለመረጃው ትክክለኛ ማንነቱን፣ ማለትም የአዲንዳን ዞን 37 ኮድ የሆነውን 20137ን ስጡት፤ ቀጥሎ ወደ 32637 ለውጣችሁ በአዲስ ፋይል አስቀምጡ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ዘሎ ኮዱን ብቻ 32637 ይለዋል። ይህ ስያሜውን እንጂ ቁጥሩን አይለውጥም፤ ጉድጓድ ቆፋሪውም የሚላከው ወደ ተሳሳተው ቦታ ነው።

የአማርኛው ጽሑፍ ባዕድ ምልክት ከሆነ ስታስገቡ ዩቲኤፍ-8 የተባለውን የፊደል አመዘጋገብ ምረጡ። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከቀረ ግን ፊደሉ ሲቀመጥ ጠፍቷል፤ ከዋናው የኤክሴል ፋይል እንደገና በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡ። ሼፕፋይል የተባለው የቆየ የካርታ ፋይል ዓይነት ለዓምድ ስም የሚሰጠው አሥር ባይት ሲሆን አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከሦስት ፊደል በላይ አይተርፍም። ጂኦፓኬጅ የተባለውን አዲሱን የፋይል ዓይነት ብትጠቀሙ ከዚህ ጣጣ ትድናላችሁ።

ሠንጠረዡ ከወረዳው ካርታ ጋር አልጣመር ካለ የስሞቹን አጻጻፍ መርምሩ። «አዲስ ዓለም» እና «አዲስ አለም» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ከተሞች ናቸው። ከስም ይልቅ በወረዳው ኮድ አጣምሩ፤ የኮዱ ዓምድም እንደ ጽሑፍ ይግባ፤ አለዚያ ቀበሌ 03 መነሻ ዜሮዋን ታጣለች።