በመንዝ ጓሳ ዙሪያ የዱር እንስሳትን ከእብድ ውሻ በሽታ ለመጠበቅ ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም በመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አዋሳኝ ቀበሌዎች፣ የእብድ ውሻ በሽታ በተነሳ ቁጥር ወሬው የሚጀምረው «ከዱር ያበደ ቀበሮ መጣ» በሚል ቃል ነው። ቀበሮም ጅብም በበሽታው መያዛቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ አነጋገር የሚወለዱት ስህተቶች በሽታውን ከማጥፋት ይልቅ ዕድሜውን ሲያራዝሙት ይታያል።

የመጀመሪያውና ለሌሎቹ ሁሉ ምንጭ የሆነው ስህተት የበሽታው መኖሪያ ዱር ነው ብሎ ማሰብ ነው። በአገራችን ቫይረሱን ከዓመት ዓመት ይዞ የሚያቆየው የቤት ውሻ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ፣ በመላው አገሪቱም ቁጥሩ ከ500 በታች እንደሆነ የሚገመት እንስሳ ስለሆነ፣ ቫይረሱን ለዓመታት ተሸክሞ ሊያኖር አይችልም፤ በሽታው ሲገባበት ያልቃል፣ ቫይረሱም አብሮት ይጠፋል፣ ዳግመኛ የሚመጣውም ከሰው ደጅ ነው። ጅብ በበዛበት አገር በግ ያለ ውሻ አያድርምና ውሻ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይቸግራል፤ ያው ውሻ ግን እረኛውን ተከትሎ ሣሩ ውስጥ ይገባል፣ የሞተ በግ ሲያገኝም ከቀበሮ ጋር አፍ ለአፍ ይጋጠማል። እዚህ ላይ የስም መመሳሰልም ሰውን ያሳስታል። በአውሮፓ በሽታውን ያሰራጭ የነበረው እኛ በአማርኛ ያው «ቀበሮ» የምንለው ሌላ እንስሳ ሲሆን፣ እርሱ ግን በብዛት የሚራባና ቫይረሱን በራሱ ማቆየት የሚችል ነበር። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1978 ክትባት የተጨመረበት የዶሮ ጭንቅላት በየሸለቆው መጣል የጀመረችውና በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ዘዴ የሠራው ለዚህ ነው። ያንን ዘዴ እንዳለ ገልብጦ «ለቀበሮዎቹ ክትባት ይጣልላቸውና ያልቃል» ማለት፣ ውሻው ሳይከተብ እስከቀረ ድረስ፣ ቧንቧው ተከፍቶ የፈሰሰውን ውኃ መጥረግ ነው።

ሁለተኛው ስህተት መግደል ነው። በአውሮፓ ቀበሮዎቹን በጥይት፣ በወጥመድና በጋዝ ለመጨረስ ለብዙ ዓመታት ቢሞከርም፣ የሞተው ትቶት የሄደውን ቦታ ሌላው እየመጣ ስለሚይዘው በሽታው አልቆመም። የውሻም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ባለቤት የሌለው ውሻ ሲገደል የተረፈውን ትራፊ የሚበላ፣ ክትባት አይቶ የማያውቅ ቡችላ ይተካዋል። ከሁሉ የከፋው መርዝ የተቀባ ሥጋ ሜዳ ላይ መጣል ነው፤ መርዙ ያበደውን ከጤነኛው አይለይም፣ ጥንብ አንሳውንና ልናድነው የምንፈልገውን ቀይ ቀበሮ ራሱን ይገድላል።

ሦስተኛው ክትባትን የአንድ ቀን ዘመቻ አድርጎ መቁጠር ነው። በሽታው በውሾች መካከል እንዲቆም ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት መከተብ አለባቸው። ይህንንም ቁጥር በየዓመቱ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የገጠር ውሻ ዕድሜው አጭር፣ ወሊዱም ብዙ ስለሆነ ዘንድሮ የተከተበው ብዛት ለከርሞ በግማሽ ቢወርድ አያስደንቅም። በአንድ የክትባት ቀን አንድ አባት ትልቁን ውሻቸውን በገመድ እየጎተቱ ሲመጡ አይቻለሁ፤ ሌላ ውሻ እንዳላቸው ሲጠየቁ «ጎተራው ሥር ሦስት ቡችሎች አሉ፣ እነሱ እንኳ ገና ናቸው፣ ለከርሞ ያድርሳቸው» ብለው ሄዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግን በጅምላ ክትባት ጊዜ ከሦስት ወር በታች ያሉ ቡችሎችም እንዲካተቱ ነው፤ ልጆች እያቀፉ የሚጫወቱትም፣ በኋላ እረኛን ተከትለው ጓሳ የሚገቡትም እነዚሁ ቡችሎች ናቸውና። የመንዝ ብርድም የራሱ ወጥመድ አለው። «እዚህ ብርድ ነው፣ ክትባቱ አይበላሽም» ተብሎ ጠርሙሱ ሌሊቱን መስኮት ላይ ሲያድር ውርጩ በረዶ ያደርገዋል። ክትባቱ መቆየት ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ሲሆን፣ መሞቅ ብቻ ሳይሆን በረዶ መሆንም ያበላሸዋል፤ የተበላሸ ክትባት የወጋ ባለሙያ ደግሞ ውሻውን ሳይከትብ «ተከትቧል» ብሎ መዝግቧል ማለት ነው።

አራተኛው ስህተት ቀበሮ እስኪሞት መጠበቅ ነው። ቀይ ቀበሮ ቀን ቀን አይጡን ብቻውን ቢያድንም፣ ማለዳና ምሽት ላይ ከቤተሰቡ ጋር ተሰብስቦ አፍ ለአፍ እየተላላሰ ሰላምታ ይለዋወጣል፣ አብሮም ያድራል። ስለዚህ አንዱ ሲያዝ ልጋጉ ለሁሉም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች በሽታው ዌብ ሸለቆ በገባ ጊዜ ከዚያ አካባቢ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ያለቁት በወራት ውስጥ ነበር። ያኔ ቀሪዎቹን ያተረፈው፣ ወደ ሌሎቹ ሸለቆዎች በሚያሻግረው መተላለፊያ ላይ ያሉትን እየያዙ በመርፌ መከተብ ነው፤ ቀበሮን በወጥመድ ይዞ መውጋት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በአፍ የሚሰጠው ክትባት በባሌ በመደበኛነት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሆን፣ ፈሳሹ በትንሽ ከረጢት ሆኖ በፍየል ሥጋ ውስጥ ይደበቃል። እንስሳው ሥጋውን አኝኮ ከረጢቱን በጥርሱ መብሳት አለበት፤ ክትባቱ የሚሠራው አፉንና ጉሮሮውን ሲነካ ነውና፣ ሳያኝክ ከዋጠው ከንቱ ነው። በዚህም ምክንያት ሥጋውን በጠራራ ፀሐይ በሜዳ በትኖ መሄድ ሌላ ስህተት ይሆናል፤ ቁራና የመንደር ውሻ ቀድመው ይጨርሱታል። ለየትኛው የቀበሮ ቤተሰብ፣ በስንት ሰዓት፣ የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ደግሞ የጓሳው ጥበቃ ሠራተኞችና እረኞች ናቸው።

ሞቶ የተገኘን ቀበሮ ሁሉ «አብዶ ነው» ብሎ መቅበርም አይገባም። ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታም ቀይ ቀበሮን ይፈጃል፤ የእብድ ውሻ ክትባት ግን ለእርሱ አይረዳም። ሁለቱን የሚለየው በላቦራቶሪ የሚደረግ ምርመራ ነው፣ ለእብድ ውሻ በሽታ የሚያስፈልገውም የአንጎል ናሙና ነው። ስለዚህ በድኑን በእጅ ሳይነኩ፣ ውሻ እንዳይደርስበት ጠብቆ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ይገባል። ቆዳውን ወይም ጅራቱን ለመውሰድ መሞከር በገዛ እጅ ሞትን መጥራት ነው።

የመጨረሻው ስህተት ሰው ላይ የሚሠራው ነው። ሰው የማይፈራ ቀበሮ ወይም በጠራራ ፀሐይ መንደር የሚገባ ጅብ ለማዳ ሆኖ አይደለም፤ ልጆች ሊቀርቡት አይገባም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ ይኖርበታል፤ ጠበሉም የባህል ሐኪሙም ከዚያ በኋላ ሊደረስባቸው ይችላል፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። አንዳንዱ «ነካሹ እስኪታይ ልጠብቅ» የሚለው ስለ ውሻ የሰማውን ይዞ ነው። ውሻን አስሮ ለ10 ቀን መከታተል ይቻላል፣ እሱም ክትባቱ ተጀምሮ እያለ ነው። ነክሶ ሣሩ ውስጥ የገባ ቀበሮ ግን የሚታሰርበት ገመድም የሚጠበቅበት ቀን የለም።