ጀማሪ ነጋዴ የግብይት ትዕዛዞችን እንዴት ለይቶ ይጠቀማል?

አክሲዮን ወይም የውጭ ምንዛሪ መገበያየት የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ የሚልከው ትዕዛዝ «ግዛ» ወይም «ሽጥ» ከማለት አልፎ በምን ዋጋና በምን ሁኔታ እንደሚፈጸም ጭምር የሚወስን መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ በትዕዛዝ መስኮቱ ላይ ያሉትን ሁለት ዋጋዎች ያንብቡ። አንደኛው ገዢዎች ያቀረቡት ከፍተኛ ዋጋ ሲሆን ሁለተኛው ሻጮች የጠየቁት ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ገዢ 49.90፣ ሻጭ 50.10 ዶላር ካሉ፣ ገዝቶ ወዲያው የሚሸጥ ሰው ገበያው ሳይንቀሳቀስ በእያንዳንዱ አክሲዮን 20 ሳንቲም ይከስራል።

ማርኬት ኦርደር በተገኘው ዋጋ ወዲያው የሚፈጸም ትዕዛዝ ነው። በ50.10 የቀረበው 30 አክሲዮን ብቻ ሆኖ እርስዎ 100 ቢያዙ፣ ቀሪው 70 ከዚያ በላይ በተጠየቁ ዋጋዎች ይገዛል። ስለዚህ ሻጭና ገዢ በሳሱበት ገበያ ባይጠቀሙበት ይሻላል።

ሊሚት ኦርደር የዋጋውን ወሰን ለእርስዎ ይተዋል፤ ለጀማሪ የምመክረውም ይህንን ነው። በ49.50 ለመግዛት ካዘዙ ከዚያ በላይ አይከፍሉም፣ ዋጋው እዚያ ካልደረሰ ግን ሳይገዙ ሊቀሩ ይችላሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በስቶፕ ኦርደር ላይ ነው። በ50 የገዙትን በ47 ለመሸጥ ስቶፕ ቢያስቀምጡ፣ ዋጋው 47 ሲነካ ትዕዛዙ ወደ ማርኬት ኦርደር ይለወጣል እንጂ 47 ዶላር ማግኘትዎን አያረጋግጥም። የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ የሚጠብቅበትን ገደብ በጥር 2015 እ.ኤ.አ. በድንገት ሲያነሳ፣ ስቶፕ አስቀምጠው የነበሩ ብዙ ነጋዴዎች የወጡት ካሰቡት እጅግ በራቀ ዋጋ ነበር። ስቶፕ ሊሚት «ከ46.50 በታች አትሽጥ» የሚል ወሰን ይጨምርበታል፤ ዋጋው ያንን ዘሎ ከወረደ ግን አክሲዮኑ ሳይሸጥ በእጅዎ ይቀራል።

ትዕዛዙን ከመላክዎ በፊት ብዛቱንና የሚጸናበትን ጊዜ ይመልከቱ፤ ለዕለቱ ብቻ የሚያገለግል አለ፣ እስኪሰረዝ የሚቆይም አለ። አክሲዮኑን በራስዎ ከሸጡ በኋላ የቆየውን ስቶፕ መሰረዝ አይርሱ፣ አንዳንድ መገበያያዎች የሌለዎትን አክሲዮን እንደሸጡ ቆጥረው አዲስ ግብይት ሊከፍቱብዎ ይችላሉና።