አሮጌ ፒካፕ ሲሞቅ፦ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት መቼ እንደሚሞቅ እዩ

ያገለገለ ፒካፕ መሞቅ ሲጀምር ብዙ ሰው ቀድሞ የሚሮጠው ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈውን ቫልቭ) ለመቀየር ነው። አልተሻለውም? የውሃ ፓምፕ። አሁንም አልተሻለውም? ራዲያተር። ገንዘቡ አለቀ፣ ሙቀቱ ግን እንዳለ ነው። ከመቀየር በፊት መኪናው መቼ መቼ እንደሚሞቅ ልብ በሉ። ቆሞ ነው? ሲሮጥ ነው? ወይስ ገና ተነስቶ ብዙም ሳይሄድ? ግማሹ መልስ እዚያ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ስለ ጥንቃቄ፦ ሞተሩ ትኩስ እያለ የራዲያተር ክዳን በፍጹም አትክፈቱ። ክዳኑ ውሃውን በግፊት ስለሚይዘው ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖም ሳይፈላ ይቆያል፣ ስትከፍቱት ግን ግፊቱ ይለቀቅና በአንዴ ገንፍሎ ፊታችሁ ላይ ነው የሚመጣው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛው ክፍል) ሊሰነጥቅ ይችላል። ታገሱት።

ሲበርድ ክፈቱና ውሃውን እዩ። የመጠባበቂያውን ጎድጓዳ ብቻ አይታችሁ አትመኑ፣ እሱ ሞልቶ ራዲያተሩ የጎደለ ሊሆን ይችላል። ውሃው የዝገት ቀለም ካለው ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኖ ይሆናል ብላችሁ ጠርጥሩ። ከጎደለ ደግሞ የሆነ ቦታ ሄዷል ማለት ነው። የማኒኮት (ውሃው የሚሄድባቸው የጎማ ቱቦዎች) መጋጠሚያዎች ላይ የደረቀ የኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ምልክት ፈልጉ፣ የውሃ ፓምፑን ከስር እዩ (ሲያረጅ የሚያንጠባጥብባት ትንሽ ቀዳዳ አለችው)፣ የተሳፋሪው እግር ስር ምንጣፉ ረጥቦ ጣፋጭ ነገር የሚሸት ከሆነም የሂተሩ (የጋቢናው ማሞቂያ) ራዲያተር ነው የሚያፈሰው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ቆሞ ወይም በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ሞቆ መንገድ ሲያገኝ ከበረደ ችግሩ አየር ነው። ሲሮጥ ንፋሱ የፋኑን ስራ ይሰራለታል፣ ሲቆም ግን ያለው ፋኑ ብቻ ነው። ብዙ አሮጌ ፒካፖች ላይ ፋኑ በቪስኮስ (ውስጡ ወፍራም ፈሳሽ ባለው ማያያዣ) ነው የሚዞረው። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፋኑን በእጅ አዙሩት። ትንሽ ሊከብዳችሁ ይገባል፣ ያለ ምንም ማንገራገር ብዙ ዙር ከተሽከረከረ ቪስኮሱ አልቋል። ቺንጋው ላልቶ እየተንሸራተተ እንደሆነም እዩ። ሌላው ሰው የማያስበው ነገር በፋኑ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ከለላ ነው። የሆነ ጊዜ ለጥገና ተፈቶ ሳይመለስ የቀረባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው፣ እሱ ከሌለ ደግሞ ፋኑ በራዲያተሩ በኩል ሳይሆን ከጎን ያለውን አየር ነው የሚስበው።

ቆሞ ደህና ሆኖ ሲሮጥ ወይም ጭኖ ዳገት ሲወጣ ከሞቀ ግን ፋኑን ተዉትና ወደ ራዲያተሩና ወደ ውሃው ዝውውር ሂዱ። በኤሲ ኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መሃል ባትሪ አብሩና እዩ፣ ጭቃና ነፍሳት የሚጠራቀመው እዚያ ነው፣ ከፊት ለፊት አይታይም። ውጭው ንጹህ ከሆነ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሌዘር ቴርሞሜትር የራዲያተሩን ፊት ለኩ፣ መሃል ላይ ቀዝቃዛ ቦታ ካገኛችሁ እዚያ ውሃ አያልፍም። የታችኛውን ማኒኮትም አትርሱ፣ ሰው ነዳጅ ሲሰጥ ከተጣበቀ የፓምፑ ስበት እየደፈነው ነው።

በነገራችን ላይ «ቴርሞስታት አውጥቼለታለሁ፣ አሁን አይሞቅም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲወጣ መመለሻው መንገድ ክፍት ሆኖ ይቀርና ከውሃው የተወሰነው ወደ ራዲያተር ሳይደርስ ይዞራል፣ ስለዚህ ዳገት ላይ ጭራሽ ይብሳል። እየሰራ መሆኑን ማወቅ ደግሞ ከባድ አይደለም። በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውስጥ ውሃ ላይ አሙቁት፣ ላዩ ላይ በተጻፈው ዲግሪ አካባቢ (ብዙ ጊዜ ከ82 እስከ 88) መከፈት መጀመር አለበት።

ገና ከተነሳ ቶሎ የሚሞቅ ከሆነና የላይኛው ማኒኮት ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል። ጌጁ ሽቅብ ሄዶ ሂተሩ ቀዝቃዛ አየር ከነፋ ውሃ ጎድሏል ወይም አየር ገብቷል። ማኒኮቱ ግን ሞተሩ ሳይሞቅ በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሃል ያለውን ማሸጊያ) ነው የምጠረጥረው። የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው መስመር እየገባ ነው። ለማረጋገጥ በበረደ ሞተር ክዳኑን ክፈቱ፣ አስነሱና ውሃውን ተመልከቱ፣ አረፋው ካላቆመ ምልክት ነው። ነጭ ጣፋጭ የሚሸት ጭስ፣ የዘይት መሙያው ክዳን ስር ነጣ ያለ ቅባት (አጭር ጉዞ ብቻ የሚሄድ መኪና ላይ ብቻውን ብዙ አያስደነግጥም)፣ ፍሳሽ ሳይኖር ውሃ መጉደል፣ እነዚህ አብረው ሲመጡ ጉዳዩ ከባድ ነው። ጋራዥ ውስጥ በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ የኬሚካል ምርመራም አለ፣ ቤንዚን ሞተር ላይ ሰማያዊው ፈሳሽ ወደ ቢጫ ከተቀየረ ነገሩ ተረጋግጧል። ያኔ ቴስታታው ወርዶ መጣመም አለመጣመሙ ሳይለካ አዲስ ጋርኒሲዮን ብቻ እንዲገጠም አትስማሙ።

የቱንም ከቀየራችሁ በኋላ አየሩን አውጡ። የፊቱን ጎማ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አቁሙት፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ከበረደበት በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት) ይስራ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ዝቅ ይላል፣ ሙሉትና ክዳኑን ዝጉ። በማግስቱ ጠዋት ሳታስነሱ እንደገና እዩት፣ ሁልጊዜ ትንሽ ይጎድላል።