አጥቂው ማን፣ ጠባቂው ማን? በማጂክ ካርታ ጨዋታ ዴክን ከተጋጣሚ ዴክ አንጻር ማዘጋጀት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ተሰብስበን ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የምንጫወት ጥቂት ሰዎች ነን። የሐይቁ ነፋስ ካርታውን እንዳይበትንብን በየክምሩ ላይ ሲኒ እንደፋለን። የአብዛኞቻችን ካርታ ፎቶ ኮፒ ቤት በኤ4 ወረቀት ላይ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆኖ የታተመ ነው፤ በይፋዊ ውድድር ባይፈቀድም ለልምምድ ይበቃል። አዲስ የሚቀላቀሉን ሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «የትኛው ዴክ (አንድ ተጫዋች የሚጫወትበት የካርታ ስብስብ) ይበልጣል?» ብለው ነው። የአንድ ዴክ ጥንካሬ የሚለካው ከፊቱ ከተቀመጠው ዴክ ጋር ተነጻጽሮ ስለሆነ፣ ጥያቄው «ከማን ጋር ሲጋጠም?» ተብሎ ቢቀየር ይሻላል።

ለአንድ ለአንድ ግጥሚያ ዴኩ ቢያንስ 60 ካርታ ይይዛል፤ ከመሠረታዊ መሬቶች (ማና የተባለውን የካርታ መክፈያ ከሚያስገኙት ካርታዎች) በስተቀር አንድ ካርታ ከ4 ቅጂ በላይ አይገባም፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በ20 የሕይወት ነጥብና በ7 ካርታ ይጀምራል። ከመጀመሪያው ተራ በፊት ራስዎን መጠየቅ የሚገባዎ ጨዋታው እስከ አሥረኛው ተራ ቢዘልቅ ማን ያሸንፋል የሚለውን ነው። ጊዜ የሚያግዘው ወገን ጠባቂ ሲሆን ሌላው፣ ወደደም ጠላም፣ አጥቂ መሆን አለበት። ይህ ሚና የዴኩ ቋሚ ባሕርይ አይደለም። ለምሳሌ የእኔ አረንጓዴና ጥቁር ዴክ መካከለኛ ፍጥነት ያለው ነው፤ በእሳት ከሚያቃጥለው ቀይ ዴክ ጋር ሲገናኝ ይከላከላል፣ በሰማያዊና ነጭ ተቆጣጣሪ ዴክ ፊት ግን ያው ዴክ መቸኮል ይኖርበታል፤ ተቆጣጣሪው በየተራው መሬት እየጨመረና ካርታ እየሳበ ከሄደ በኋላ የሚደረስበት አይደለምና። ተቆጣጣሪ ዴክ የሚጫወተውን ጓደኛችንን «አባ ኮዳ» ብለነዋል፤ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ ሲበለት ቆሞ የሚጠብቀውን ወፍ ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም።

ቀይ ዴክ የያዘ ሰው ሒሳቡን ከ20 ወደ ታች ይቁጠር። ላይትኒንግ ቦልት የተባለው ካርታ በአንድ ቀይ ማና 3 ነጥብ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ተጋጣሚን ለመጣል ሰባት ቦልት የሚያህል እሳት ያስፈልጋል ማለት ነው። አንዱን ቦልት በተጋጣሚው ፍጡር (ሜዳ ላይ ወጥቶ በሚያጠቃና በሚያግድ ካርታ) ላይ ማጥፋት ከዚያ ድምር ላይ 3 መቀነስ ነው፤ ይህም የሚያዋጣው ፍጡሩ በሕይወት ቢቆይ ከ3 ነጥብ በላይ ጥቃትዎን የሚያግድ ሲሆን ብቻ ነው። የጠባቂው ስሌት የዚህ ግልባጭ ነው፤ ርካሽ ፍጡር ቀድሞ አውጥቶ ሁለት ቦልት ከሳበበት፣ ፍጡሩ ቢሞት እንኳ 6 ነጥብ አድኖለታል።

ፍጡር የሚያበዛ ፈጣን ዴክ የሚፈራው በአራት ማና ሜዳውን ጠርጎ ፍጡራንን ሁሉ የሚያጠፋውን ራዝ ኦፍ ጎድን ነው። ተጋጣሚዎ አራቱንም ቅጂ ቢይዝ፣ ጨዋታውን እሱ ከጀመረ እስከ አራተኛው ተራ ድረስ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሉ 53 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ሁለተኛ ከሆነ አንድ ካርታ ስለሚጨምር ወደ 57 ይጠጋል። ይህ ቁጥር ለሁለቱም ወገን ይናገራል። አጥቂው ሜዳ ላይ ያሉት ሁለት ፍጡራን በሁለት ወይም በሦስት ተራ የሚጨርሱለት ከሆነ ሦስተኛውን በእጁ ያቆየው፤ ያሉት የማይጨርሱለት ከሆነ ግን ይድፈር፤ በፍርሃት ጊዜ መስጠት ለጠባቂው ስጦታ ነውና። ጠባቂውም «ራዝ ይመጣልኛል» ብሎ ደካማ እጅ አይያዝ፤ ግማሽ ያህሉን ጊዜ አይመጣም።

እጅን፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹን ሰባት ካርታዎች፣ ስለመቀየር ብዙ ማለት አያስፈልግም። 24 መሬት ያለው የ60 ካርታ ዴክ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ካርታዎች ከሁለት እስከ አራት መሬት የሚሰጠው 77 በመቶ ያህል ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ እጁን የሚቀይር ሰው እንደገና ሰባት ስቦ አንዱን ከዴኩ ሥር ስለሚያስቀምጥ፣ ቅጣቱ ሰው እንደሚያስበው አይከብድም።

ብዙ ጨዋታ የሚጠፋው ሳይድቦርድ ላይ ነው። ከአንደኛው ጨዋታ በኋላ ከ15ቱ ተጠባባቂ ካርታዎች መርጦ መቀየር ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን የሚያስገባውን እንጂ የሚያስወጣውን አያስብም። እኔ ራሴ ከቀዩ ዴክ ጋር ስጋጠም ሕይወት የሚመልሱ ሰባት ካርታዎች አስገብቼ፣ በምትካቸው ትንንሽ ፍጡሮቼን አወጣሁ። ነጥቤ እስከ 26 ወጣ፤ የሚያጠቃልኝ ነገር ስላልነበረኝ ግን ባላጋራዬ ረጋ ብሎ እየሳበ አንድ በአንድ ጨረሰኝ። ከዚያ ወዲህ አስቀድሜ በዚያ ግጥሚያ የማይጠቅሙትን፣ ለምሳሌ በቀይ ዴክ ላይ ስድስት ማና የሚፈጁትን፣ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ እቆጥራለሁ፤ አራት ከሆኑ አራት ብቻ አስገባለሁ።

አራት ሰው ሆነን ኮማንደር የተባለውን የማጂክ አጨዋወት ስንጫወት ይህ ስሌት ይፋለሳል። ዴኩ 100 ካርታ፣ ከመሠረታዊ መሬት ውጭ ሁሉም አንድ አንድ ቅጂ፣ መነሻውም 40 ነጥብ ስለሆነ፣ ሦስቱን ተጋጣሚዎች ለመጣል 120 ነጥብ ማቃጠል ይጠይቃል፤ ቦልትም እዚያ ዋጋ ያጣል። አጥቂነትም ሌላ መልክ ይይዛል፤ መጀመሪያ የጎላ ሰው የሦስት ሰው ዱላ ይወርድበታልና፣ ከጠንካራው ቀጥሎ ሁለተኛ መስሎ መቆየት ይመረጣል።

ልምምድን በተመለከተ፣ ከሦስት ሁለት ያሸነፈ በሚያልፍበት ግጥሚያ ቢያንስ ግማሹ ጨዋታ ከሳይድቦርድ በኋላ የሚደረግ ስለሆነ፣ የልምምዱንም ግማሽ ለዚያ ይስጡ። በደብተር ላይ ማን እንደጀመረ፣ ምን እንደወጣና እንደገባ፣ በስንተኛው ተራ እንዳለቀ ይጻፉ። ስድስት ለአራት በሆነ ውጤት ላይ ግን ዴክ አይቀይሩ፤ አሥር ጨዋታ በቂ አይደለም። እኛ ከአንድ ተጋጣሚ ዴክ ጋር ሠላሳ ጨዋታ ሳይሞላ ፍርድ ላለመስጠት ተስማምተናል፤ አባ ኮዳና እኔ አሁን ሃያ ሁለተኛው ላይ ነን።